ውሃው የሚያርፍባት ሰዓት

— ሄሎ... አቤት፣ የሕዝብ መዋኛው ነው። ዮፍታሔ ነኝ፣ ፕሮግራም የማወጣው። ማን ልበል?

— ሲስተር ሰምሀል! ከጤና ጣቢያ? እንዴት ነዎት? ባለፈው የመጀመሪያ እርዳታ ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ... እሺ፣ እሺ፣ አንቺ እላለሁ። አትቆጪ።

— ማን? እማማ አጸደ? አዎ፣ አውቃቸዋለሁ። ከቀጨኔ የሚመጡት፣ ከጉልበት ሕመምተኞች ቡድን ናቸው። ዛሬ ከሁለት እስከ አራት ውሃ ውስጥ ሲራመዱ የነበሩት... ብርድ መታቸው ሲባል ሰምቻለሁ፣ ባሰባቸው?

— ቆይ፣ ቆይ ሲስተር። ይሄ እኔ ከሰማሁት ጋር አይገናኝም። ልድገመውና አርሚኝ። እማማ የሚሉት፣ ገና ውሃ ውስጥ እያለሁ ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘኝ፣ ዓይኔ ተቃጠለ፣ ከዚያ ወዲህ ሳሉ አልለቅ አለኝ። እንዲህ ነው ያሉሽ?... እሺ። አሰልጣኝ ጉታ ደግሞ በዚያው ሰዓት ገንዳው ዳር ቆሞ ነበር። እሱ የነገረኝ ሌላ ነው። ሴትየዋ ውሃ ውስጥ እያሉ ምንም አልሆኑም፣ ምንም የተለየ ሽታ አልነበረም፣ ከወጡ በኋላ ፀጉራቸውን ሳያደርቁ ግቢው ውስጥ ቆመው ሲጫወቱ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ መታቸው። ብርድ ነው ብሎኛል።

— አይ፣ ጉታ አይዋሽም። እሳቸውም አይዋሹም። ያው ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ ነበሩ... እንጃ። ግራ የሚያጋባ ነው።

— አሥራ አንድ ነበሩ። ሌላ ያመመው አልሰማሁም... ማለቴ፣ እነ እማማ ሲወጡ ሁለት ሦስቱ ሲያስሉ ሰምቻለሁ። ሽማግሌ ያስላል ብዬ አለፍኩት። እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው።

— ...አሰልጣኝ! እስቲ ና። ሲስተር ናት፣ ስለ እማማ አጸደ... «ብርድ ነው በላት» ይላል። «ዝንጅብል አፍልታ ትስጣቸው፣ ጤና ጣቢያ ዝንጅብል ጠፋ ወይ» ይላል።

— ኧረ አሰልጣኝ፣ አልሳቀችም።

— ሄሎ? ሲስተር? ትሰሚኛለሽ?... ምንድን ነው ጩኸቱ? ሌላ ሰው ገባ?... ማን አልሽ?

— ዘርዓብሩክ? ዓይነ ስውሩ? መምህሩ?... አዎ፣ የኛ ዋናተኛ ነው። ከአራት እስከ አምስት ነበር። አሁን ሃያ ደቂቃ እንኳ አይሆነውም ከዚህ ከወጣ! ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ዊንጌት እየሄደ መስሎኝ... ደግፈው አመጡት?

— እሱም ያስላል... ደረቱን... እሺ። እሺ፣ እየሰማሁሽ ነው።

— አልተገናኙም። እማማ አጸደ አራት ሰዓት ላይ ወጥተዋል፣ እሱ ከዚያ በኋላ ነው የገባው። ደግሞ ዘርዓብሩክ ግቢ ውስጥ ቆሞ አያወራም፣ ልብሱን ለብሶ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። አዎ... ገባኝ። ብርድ አይደለም ማለትሽ ነው።

— ...አሰልጣኝ፣ አሁን ቀልዱን ተወው። ዘርዓብሩክም ታሟል። ቁጭ በል እዚህ፣ አትሂድብኝ።

— ፕሮግራሙን? ላንብብልሽ? እፊቴ ግድግዳው ላይ ነው። አዲስ ነው፣ ዛሬ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፣ ሲስተር። ድሮ በሰዓት ሲጣሉ ነው የሚውሉት፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው በር ላይ ይሰዳደባል። ሁሉንም ሰብስቤ፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚፈልግ ጽፌ፣ ሁሉም ፈረሙበት። አጨበጨቡልኝ እንኳ... እሺ፣ እሺ። አነባለሁ።

— ከሁለት እስከ አራት፣ የጉልበት ቡድን። መስኮት ይዘጋ። ንፋስ ሲገባ መገጣጠሚያቸውን ስለሚይዛቸው።

— ከአራት እስከ አምስት፣ ዓይነ ስውራን። ቬንትሌተር ይጥፋ። እነሱ እኮ የሚዋኙት በጭብጨባ ነው፤ ገንዳው ጫፍ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ያጨበጭባል፣ ወደ ድምፁ ይዋኛሉ። ቬንትሌተሩ ሲጮህ አቅጣጫ ይጠፋባቸዋል። ባለፈው ዘርዓብሩክ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር አጋጭቷል።

— ከአምስት እስከ ሰባት፣ የሴቶች ሰዓት። መስኮቱ እንደተዘጋ በሸራ ይሸፈን። የቬንትሌተሩ ቀዳዳ ወደ መንገዱ ስለሚያሳይ እሱም ይሸፈን።

— ስምንት ሰዓት፣ የአሰልጣኝ ጉታ የዋና ክለብ። ወለሉ ላይ ያለው ጥቁር መስመር ጥርት ብሎ እንዲታይ መድኃኒት ይጨመር።

— ይዘጋ፣ ይጥፋ፣ ይሸፈን፣ መድኃኒት ይጨመር...

— አዎ። እኔም አሁን ገና ሰማሁት።

— ለየብቻ ሲመጡ እኮ... አንዱም ጥፋት የለበትም። ማንን እምቢ ልበል? ድሮ እኮ በተለያየ ቀን ነበሩ፤ የአንዱ ሲዘጋ የሌላው ይከፈታል። ለሁሉም ቅዳሜ ስለሚመች እኔ ነኝ አንድ ላይ የደረደርኳቸው። መስኮቱም... አንዴ ለእማማዎቹ ከተዘጋ፣ ለሴቶቹም ስለሚዘጋ፣ በመሀል ምን አስከፈተን ብዬ... እኔ ነኝ ያልኩት። ከጠዋት ጀምሮ አልተከፈተም።

— አሁን? አሁን የሴቶቹ ሰዓት ነው እኮ። ውስጥ ናቸው።

— ሃያ። አሥራ ዘጠኝ ዋናተኞችና ዋናተኞቹን የምትጠብቀው ላይፍጋርድ፣ ርሆቦት። በትክክል አውቃለሁ፣ ስልካቸው እኔ ጋ ነው። ፎቶ እንዳይነሳ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ እዚህ ካርቶን ውስጥ እያስቀመጡ ነው የሚገቡት። ርሆቦትም ጭምር... አይ፣ ልደውልላቸው አልችልም። ሃያውም እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

— እሺ አስወጣቸዋለሁ። አትዝጊ፣ ስልኩን ይዤ ነው የምሄደው።

— ...ዓለምነሽ! ዓለምነሽ፣ ሻይሽን ተዪውና ነይ! ሩጪ ሴቶቹ በር ላይ። ውጡ በያቸው፣ አሁኑኑ። ዮፍታሔ ነው ያለው በይ... ኧረ ዝም ብለሽ ሂጂ፣ ወሬውን ኋላ እነግርሻለሁ!

— ዓለምነሽን ላክኋት፣ አብራን የምትሠራ ሴት ናት። የእኔ ማንኳኳት ዋጋ የለውም ሲስተር። የወንድ ድምፅ ከሰሙ አይከፍቱም። ሰፈር ያለው ጎረምሳ እየመጣ በሩን እየደበደበ ይስቅባቸው ነበር። በቃ፣ በር ቢንኳኳ አይከፈትም የሚል ደንብ አወጣን። እኔው ነኝ የጻፍኩት። መቀርቀሪያውንም አሠርቼ ከውስጥ አስገጠምኩ... ከውጭ? ከውጭ አይከፈትም። እንዲያ እንዲሆን ነው የተሠራው።

— ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሆነ? ክሎሪን ነው፣ ዱቄቱ። አሲድም አለ፣ ትንሽ። ቆይ ጋሽ ብርሃኔን ልጠይቃቸው፣ የውሃው ሠራተኛ ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሠርተዋል።

— ...ጋሽ ብርሃኔ! ጋሼ፣ እባክዎ ወደዚህ ይምጡ። መድኃኒቱን ዛሬ እንዴት ነው የጨመሩት?... አይ፣ እየተቆጣሁ አይደለም። ለሕክምና ተፈልጎ ነው የተጠየቅኩት፣ እንደሆነው ይንገሩኝ።

— ማለዳ አንድ ጊዜ አድርገዋል፣ እማማዎቹ ሳይገቡ። አሁን ደግሞ... ሁለተኛ? አምስት ሰዓት ላይ?... አሰልጣኝ፣ አንተ ነህ ጨምሩበት ያልካቸው?... «ውሃው ደፍርሷል፣ መስመሩ አይታይም አልኩ እንጂ» ይላል።

— ሄሎ ሲስተር፣ ትሰሚኛለሽ? ሁለት ጊዜ ነው የተደረገው፣ ሁለተኛው ሴቶቹ ሲገቡ። ሃያ ደቂቃ አልፎታል... ምን ብዬ ልጠይቅ?... እሺ።

— ጋሼ፣ ዱቄቱንና አሲዱን ለየብቻ ነው ወይስ...

— በአንድ ባልዲ?

— ጋሼ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ለየብቻ ነበር እኮ የሚያደርጉት!

— ...«ሰዓቷን ወሰድክብኝ» ነው የሚሉኝ፣ ሲስተር።

— አይ፣ ልንገርሽ። ቅዳሜ ከአምስት እስከ ስድስት ባዶ ሰዓት ነበረች። ማንም አይገባባትም። ጋሽ ብርሃኔ መስኮቱን ሁሉ ከፍተው፣ ቬንትሌተሩን አብርተው፣ መጀመሪያ ዱቄቱን፣ ብዙ ቆይተው አሲዱን ያደርጉ ነበር። ለምን ባዶ ሆነች ብዬ ስጠይቃቸው «ውሃው የሚያርፍባት ናት፣ አትንካት» አሉኝ። በቃ፣ ይህን ብቻ። እሳቸውንም ያስተማሯቸው ሽማግሌ ከዚህ ሌላ አልነገሯቸውም። እኔ... ውሃ ምን ሠርቶ ይደክመዋል ብዬ ስብሰባው ላይ ቀለድኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ሰዓቷን ለሴቶቹ ሰጠኋት።

— አሁን ጊዜ አጠረኝ፣ ለሁለቱ የሚሆን ሰዓት የለኝም ብለው ጠዋትም አሁንም አንድ ላይ ደፉት። ከውጭ፣ በቦዩ በኩል፣ ገንዳውን ዞሮ በሚገባው... አዎ። አዎ፣ ውሃው ዙሪያውን ሁሉ ነው የሚሄደው።

— ጋዝ? የት ነው የሚሆነው?... ይተኛል? ከውሃው በላይ?

— ማለት የዋናተኛው ጭንቅላት ባለበት ነው። ዳር የቆመ ሰው አፍንጫ ላይ ላይደርስ ይችላል... እንግዲያ ጉታም እውነቱን ነው፣ እማማም እውነታቸውን ነው። እሱ ቆሞ ነበር። እሳቸው እስከ አገጫቸው ውሃ ውስጥ ነበሩ።

— ዘርዓብሩክ እንዴት ነው አሁን?... ኦክስጅን? ይህን ያህል?... እሱ የዋኘው እኮ በጠዋቱ ባልዲ ነው፤ አሁን የሚሄደው ሁለተኛው ነው...

— አዎ፣ አምቡላንሱን ጥሪልኝ። ከአንድ በላይ በይ። ግቢው በር ድረስ ይገባል፣ አስከፍተዋለሁ።

— ...ዓለምነሽ! ምን አሉሽ?... «ገና አሁን ገብተን፣ አትረብሹን» አሉ? ማን ነች ያለችው? ቶይባ?... ሽታ አለ ወይ ብለሽ ጠየቅሽ?... «ሽታ ካለ ንጹሕ ነው ብላችሁ የለ ወይ» አሉ።

— ቶይባ ስለ ሴቶቹ የምትናገረው ናት፣ ሲስተር። ይሄ የአሰልጣኝ አባባል ነው። ሰው ስለ መድኃኒቱ ባጉረመረመ ቁጥር እንዲህ ይላቸዋል፣ እነሱም ያዙት... አይ ጉታ፣ ቀና በል። አንተን ብቻ አይደለም። ተነስ፣ ቀድመው የመጡትን የክለብህን ልጆች ከግቢው አስወጣና የጀርባውን መስኮት ሞክር። ከውስጥ ነው የተቆለፈው ግን ሞክር። ስበር፣ ምን አባቱ።

— ዓለምነሽ፣ ተመለሺ። ቀልድ አይደለም በያቸው። መርዝ ነው በያቸው። ጩኺ!

— ጋሼ፣ ቬንትሌተሩን ያብሩት። አሁን!... ያብሩት እንጂ ሸራውን ኋላ እናስባለን!

— እየሄድኩ ነው ሲስተር። በኮሪደሩ ነኝ... አይሰማሽም? ከካርቶኑ አንዱ ስልክ እየጠራ ነው። ከቅድም ጀምሮ ይጠራል። ስወጣ አይቼዋለሁ፣ «እማዬ» ይላል... አይ፣ አላነሳሁትም። ምን ብዬ ላንሳው?

— ምነው ጋሼ? ምንድን ነው ያ ድምፅ?... ሸራውን ስቦ ተጣበቀ? ቆመ? ሞተሩ ይጨሳል?... ያጥፉት። ያጥፉት፣ ይበቃል። ከዚያ ይራቁ።

— በሩ ላይ ደርሻለሁ። ዓለምነሽ እየጮኸች ነው። ቆይ፣ ዓለምነሽ፣ አንዴ ዝም በይልኝ። ልስማ።

— ...

— ሲስተር፣ ቅድም ይስቁ ነበር። ከቢሮዬ ድረስ ይሰማኝ ነበር፣ ውሃ ሲረጫጩ። አሁን ሳቅ የለም። ሳል ብቻ ነው። ከአንድ ቦታ አይደለም፣ ከብዙ ቦታ። ውሃውም አይረጭም።

— ሽታ? እዚህ በሩ ሥር... አዎ። ዓይኔን እየያዘኝ ነው። በታች በኩል ይወጣል። ዓለምነሽ፣ ወደ ኋላ ሂጂ! ሂጂ አልኩሽ!

— ቆይ... አንዷ ወደ በሩ እየመጣች ነው። እግሯ ይሰማኛል፣ በእርጥብ እግሯ። ርሆቦት! ርሆቦት፣ አንቺ ነሽ? መቀርቀሪያውን ሳቢው! ከላይ ነው፣ ወደ ቀኝ!... ርሆቦት?

— ቆመች። በሩ ጋ ደርሳ... ወደቀች መሰለኝ። ሲስተር፣ በሩን ተደግፋ የወደቀች ነው የሚመስለው።

— ጉታ! መስኮቱስ?... የብረት ፍርግርግ አለበት። ረስቼው። የብረት ፍርግርግ አለው።

— ጋሼ፣ ያንን ፌሮ ብረት ያቀብሉኝ። ረጅሙን። እርጥብ ፎጣም።

— አውቃለሁ፣ ሲስተር። አውቃለሁ፣ ቶሎ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከዚህ በኋላ ማንም ሊነግርሽ አይችልም። ቶይባ ስብሰባው ላይ ተነስታ ምን አለች መሰለሽ? «እኛ የምንፈልገው ብዙ አይደለም። አንድ ወንድ አንድ ጊዜ በዚያ በር ከገባ ግን፣ ከእነዚህ ሴቶች አንዷም አትመለስም፤ ባሎቻችንም አይለቁንም።» እኔ በሰው ሁሉ ፊት እጄን አውጥቼ፣ እኔ እያለሁ አይገባም አልኳት። ከመሀላቸው አንዷ ወልዳ ወገቧ የተጎዳ ናት፣ አንዷ አርባ ዓመቷ ነው፣ ባለፈው ወር ነው መንሳፈፍ የቻለችው። አለቀሰች አሉ። ሌላ ቦታ የላቸውም። ገብቼ ሁሉም ደህና ሆነው ቢገኙ እንኳ፣ የሴቶቹ ሰዓት ዛሬ አበቃ። ይህን ሳውቅ እንደገባሁ አንቺ እወቂልኝ።

— አይ፣ አላመነታሁም። ፎጣውን እያሰርኩ ነው የማወራሽ።

— እሺ... አልጎነበስም። ቀና ብዬ። መስኮቱን መጀመሪያ፣ ከዚያ ከውሃው ውስጥ ያሉትን። እሺ። ጉታ አብሮኝ ይገባል። ጋሽ ብርሃኔ ውጭ ይቆያሉ፣ አምቡላንሱን ያስገባሉ... ጋሼ፣ አይልቀሱ። አሁን አይልቀሱ፣ አምቡላንሱን ያስገቡልኝ።

— ሲስተር፣ ስልኩን ላስቀምጠው ነው። ሁለት እጅ ያስፈልገኛል። አንድ ነገር ብቻ ሰምተሽ ትዘጊዋለሽ።

— ቶይባ! ርሆቦት! ዮፍታሔ ነኝ! የምትሰሙኝ ካላችሁ ፎጣ ያዙ፣ በሩ ሥር ያለችውን ወደ ኋላ ሳቧት! ቃሌን አፍርሻለሁ። በሩን እሰብራለሁ!